ወንዝ በሌለበት ከተማ፦ የቤት ሠራተኛና የመጠጥ ውሃ

ጅዳ ወንዝ የላትም። መካም የላትም። እንዲያውም መላ ሳውዲ አረቢያ ውስጥ ክረምት ከበጋ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም። ዝናቡም ቢሆን ለስሙ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ፣ ጅዳ ላይ በዓመት የሚጥለው 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ አገር የሐምሌ ወር የአንድ ሳምንት ዝናብ ማለት ነው።

ታዲያ አንቺ ጠዋት ተነስተሽ ቧንቧ ስትከፍቺ የሚወርደው ውሃ ከየት መጣ? ከባሕር። ከጅዳ በስተደቡብ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ሹዐይባ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ያሉት ግዙፍ ማጣሪያዎች የባሕሩን ውሃ ከጨው እየለዩ፣ በቧንቧ ወደ ጅዳ፣ ወደ መካ፣ ተራራውን አስወጥተው እስከ ጣኢፍ ድረስ ይገፉታል። ሳውዲ በዚህ ሥራ ከዓለም አንደኛ ናት። ይህን የሚመራ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋቁሞ፣ በ2024 «የሳውዲ ውሃ ባለሥልጣን» ሆኗል። ጨውን ከውሃ ለመለየት ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ያ ኃይል ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው ነዳጅና ጋዝ በማቃጠል ነው። ስለዚህ ሰሐን የምታጥቢበት ውሃ ተራ ውሃ አይደለም፤ ነዳጅ ተቃጥሎበት የተሠራ ዕቃ ነው።

ይህን የምጽፈው የውሃ መሐንዲስ ሆኜ አይደለም። ጅዳና መካ በሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ አሁን በበጎ ፈቃደኝነት እህቶችን አነጋግራለሁ። የሚጠይቁኝ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ኢቃማ ነው። እኔ ግን ራሴን ያመኛል፣ ወገቤን ያመኛል፣ ሽንቴ ያቃጥለኛል የምትል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቃት «ዛሬ ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሽ?» ብዬ ነው። ብዙዎቹ ይስቃሉ። ቀጥለው ያስባሉ። ቀጥለው «ሻይ ጠጥቻለሁ» ይላሉ።

ወደ ኋላ መለስ ብዬ ትንሽ ላውራ፤ ነገሩ ከኛ በፊትም የነበረ ነው። የድሮ የጅዳ ሰው የዝናብ ውሃ በጉድጓድ እያጠራቀመ፣ የጎደለውን ከሩቅ በእንስሳ እያስመጣ ነበር የሚጠጣው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በቱርኮች ጊዜ፣ የባሕር ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን የሚያጠራቅም ማሽን ተተከለ፤ ሕዝቡ «ኪንዳሳ» አለው። በ1947 ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ የምንጭ ውሃ ገባ። በ1970 ደግሞ የመጀመሪያው ዘመናዊ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ጅዳ ላይ ሥራ ጀመረ። መካ በበኩሏ ከ1200 ዓመት በፊት የኸሊፋው የሃሩን አል-ረሺድ ሚስት ዙበይዳ ባሠራችው የውሃ ቦይ ለብዙ መቶ ዓመታት ስትጠጣ ኖራለች። ከቦዩና ከጉድጓዱ ቀድቶ፣ ተሸክሞ ከቤት ቤት የሚያደርሰው ማን ነበር ብትዪ፣ ከአፍሪካ የመጡ ድሆችና ባሮች ብዙ ነበሩበት። በ1885 መካ ውስጥ ለወራት የተቀመጠው ሆላንዳዊ ምሁር ስኑክ ሁርግሮንየ በየቤቱ ስለሚያገለግሉት የሐበሻ ባሪያ ሴቶች ጽፏል። ለካ በዚህ ከተማ ማድቤት ውስጥ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

የመካ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ውሃ በጠማት ሴት ነው፤ ሙስሊሙ ሐጀር፣ ክርስቲያኑ አጋር በሚላት። በሰው ቤት አገልጋይ የነበረች፣ ሕፃን ልጅ ይዛ በረሃ ላይ የቀረች እናት ናት። ዛሬ ሐጅና ዑምራ የሚያደርግ ንጉሥም ይሁን ሚሊየነር፣ እሷ ውሃ ፍለጋ በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ የሮጠችውን፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ ይመላለሳል። የዘምዘም ውሃ የፈለቀው ለእሷና ለልጇ ነው ተብሎ ይታመናል። ይህን ሳስብ አንዳንዴ ይገርመኛል። በዚያው ከተማ፣ በስንት ቤት፣ አንዲት አገልጋይ ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ ትጠብቃለች።

«ሞያ! ሞያ!»

በእኛ ቋንቋ ሞያ ማለት ሌላ ነው፤ ወጥ ማጣፈጥ፣ ቤት መያዝ፣ ሴትዮዋ የምትመሰገንበት ነገር። እዚህ ሞያ ውሃ ነው። አዲስ የመጣች ልጅ ማዳም «ሞያ! ሞያ!» እያለች ስትጮህባት «ሞያዬን ነው የምትሰድበው?» ብላ ያለቀሰችበትን ቀልድ ሰምታችሁት ይሆናል። ሴትዮዋ ቧንቧውን ዝጊ ማለቷ ነበር።

ቧንቧ ዝጊ የምትልበት ምክንያት አላት፤ እሱን መካድ አያስፈልግም። ውሃ ለረጅም ጊዜ እዚህ አገር እንደ ነፃ ነገር ነበር የሚታየው። በ2016 ታሪፉ ሲጨምር በየቤቱ የመጣው ሒሳብ ሕዝቡን አስቆጣ፤ የውሃ ሚኒስትሩም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከሥልጣን ተነሡ። በ2019 መንግሥት «ቀጥራህ» የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ ጠብታ ማለት ነው። ያኔ አንድ ሰው በቀን በአማካይ 263 ሊትር ውሃ ይጠቀም ነበር። ዕቅዱ ይህን በ2030 ወደ 150 ማውረድ ነው። የቧንቧ ውሃ የማይደርሳቸው ወይም በተራ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ደግሞ ዋይት፣ ማለትም የውሃ ቦቴ፣ በገንዘብ ያስመጣሉ። ቦቴ ባስመጡ ማግሥት ማዳም ፊቷ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ውሃ መቆጠብ ያንቺም ሥራ ነው። ሰሐን ስታጥቢ ቧንቧውን አትልቀቂው፣ ግቢውን በጎማ ከማጠብ በባልዲና በመወልወያ ሥሪው፣ የሚያንጠባጥብ ሲፎን ካየሽ ተናገሪ። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ገጠር ለመጣች ሴት ውሃ መቆጠብ የሚያስተምራት ሰው አያስፈልጋትም፤ በጀርባዋ ተሸክማ ነው ያደገችው።

የመጠጥ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። እስቲ አብረን እናስላ። አንዲት ሠራተኛ በቀን 3 ሊትር ብትጠጣ፣ ከዚያ ከ263 ሊትሩ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። መኪና የሚታጠብበት ጎማ በአንድ ደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ ያፈሳል፤ ያንቺ የሦስት ቀን መጠጥ በአንድ ደቂቃ መንገድ ላይ ሄደ ማለት ነው። አንቺን በማስጠማት ያተረፈ ቤት የለም። ሆኖም እጥረት ሲመጣ ጉልበት ካለው አይጀምርም፤ መናገር ከማትችለው ይጀምራል። አትክልቱ ይጠጣል፣ መኪናው ይታጠባል፣ የአንቺ ጠርሙስ ይቆጠራል።

እኔ ከሠራሁባቸው ቤቶች በአንዱ ፍሪጅ ውስጥ ያለው የታሸገ ውሃ በቁጥር ነበር። የኔ ድርሻ የቧንቧው ነው። የቧንቧው ደግሞ ከጣሪያው ታንከር የሚወርድ ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ ሻይ ሊጣድበት ምንም አይቀረው። ሲሞቅ አይጠጣም። ስለዚህ ሌሊት በጠርሙስ ሞልቼ፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬበት፣ መስኮት ላይ አስቀምጥ ነበር፤ እናቴ ገንቦውን በእርጥብ ጆንያ እንደምትጠቀልለው። ይቀዘቅዛል፣ ሞክሩት።

ሰውነትሽ ሲጠማ ምን ይላል

ጥማት ሲሰማሽ ሰውነትሽ ውሃ ማነስ ከጀመረው ቆይቷል። ከጥማት የበለጠ የሚነግርሽ ሽንትሽ ነው። ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነሽ። እንደ ጠጅ ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ ወይም ከጠዋት እስከ ቀትር ሽንት ቤት ካልሄድሽ ውሃ አንሶሻል። ከዚያ ራስ ምታት ይመጣል፣ ከንፈር ይደርቃል፣ ስትነሺ ዓይንሽ ላይ ይጨልማል፣ እግርሽን ቁርጥማት ይይዘዋል።

ቤት ውስጥ ለምትሠራ ሴት በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃል። ምድጃ ፊት ስትውዪ፣ ልብስ ስትተኩሺ፣ ኤሲ በሌለበት ክፍል ወይም ሰገነት ላይ ስትሠሪ ግን በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ጠጪ። አንድ ላይ ብዙ ከመጋት ትንሽ ትንሽ ይሻላል። በጣም ካላበሽ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨው ያለው ምግብም ብዪ፤ ላብ ጨውም ይዞ ነው የሚወጣው። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባት እህት መጠኑን ሐኪሟን ትጠይቅ።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለሽ አገር ቤት «ለምለም» የምንለውን ታስታውሺው የለ? እዚህም ፋርማሲ ውስጥ ተመሳሳዩ አለ። ካጣሽ ራስሽ አዘጋጂው፦ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከዚህ በላይ ጨው አታብዢ፤ ይጎዳል።

አሁን ማንም ጮክ ብሎ የማያወራውን ላውራ። ብዙዎቻችን ውሃ የማንጠጣው ስለተከለከልን ብቻ አይደለም፤ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለን ነው። ያለነው አምስተኛ ፎቅ፣ የሠራተኛዋ ሽንት ቤት ምድር ቤት። ወይም ሕፃኑን ለአፍታ ጥለሽ መሄድ አትችይም። ወይም ሽንት ቤት በገባሽ ቁጥር «የት ጠፋሽ?» ይጮህብሻል፤ ስልክ የምታወሪ ይመስላቸዋል። ሴት ልጅ ሽንቷን ስትይዝና ውሃ ሲያንሳት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይይዛታል። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ ተሕዋስያኑ ወደ ፊኛ ለመድረስ ሩቅ መንገድ የለባቸውም። ሲያቃጥልሽ፣ ቶሎ ቶሎ ሲመጣብሽ፣ ከእምብርትሽ በታች ሲያምሽ ጀምሯል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወገብሽን በአንድ ጎን ከያዘሽ፣ ወደ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ሐኪም ቤት መሄድ አለብሽ፣ ነገ አይደለም። ጓደኛሽ የሰጠችሽን የተረፈ አንቲባዮቲክ አትውሰጂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ ሳያቃጥልሽም ተመርመሪ።

ወር አበባ ሲመጣ ውሃ መታጠብ ቅንጦት አይደለም። «በሳምንት አንዴ ታጠቢ» የሚባልበት ቤት አለ። ባልዲና አንድ ጆግ ይበቃሻል፤ ከ10 ሊትር የማይበልጥ ነው። ይህንኑ ንገሪያቸው፦ ሻወር ከፍታችሁ አታስቡት፣ አንድ ባልዲ ስጡኝ በዪ። ቁጥር ስትጠሪላቸው አንዳንዶቹ ይለዝባሉ።

በረመዳን የምትጾሚ እህት ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ያለውን ሰዓት ለሳምቡሳ ብቻ አታውዪው። የእንግዳውን ሰሐን ስታመላልሺ ጠርሙስሽን አጠገብሽ አድርጊና በየመሃሉ ተጎንጪ። ሱሑር ላይ ጨው የበዛበት ነገር ቀንሺ። ራስሽን ስተሽ ከመውደቅ ጾሙን ማፍረስ በሃይማኖቱም የተፈቀደ ነው።

ሙቀቱን ቀላል አድርገሽ አትዪው። በ2024 የሐጅ ወቅት መካ፣ ታላቁ መስጊድ ላይ 51.8 ዲግሪ ተመዝግቦ ነበር። በዚያ ሐጅ 1301 ሰው መሞቱን መንግሥት ራሱ አስታውቋል፤ ከመቶ 83ቱ ፈቃድ የሌላቸው ነበሩ። ፈቃድ ያለው ኤሲ ያለበት ድንኳንና አውቶቡስ ነበረው። የሌለው ፀሐይ ላይ ሄደ። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የለየው ወረቀቱ ነው።

አብራሽ ያለች ሰው ሰውነቷ እንደ ምድጃ ግሎ፣ ንግግሯ ከተቀላቀለባት ወይም ራሷን ከሳተች፣ ያ የሙቀት ምት ነው። ሰው ይገድላል። ወደ ጥላ አውጫት፣ ልብሷን አላልተሽ ውሃ አፍሺባት፣ አራግቢላት፣ ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አታግቢ። 997 ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ነው፤ በመካ ክልል፣ ጅዳን ጨምሮ፣ 911ም ይሠራል።

የትኛውን ውሃ?

ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ለመጠጥ የተዘጋጀ ነው። የሚበላሸው ቤት ከደረሰ በኋላ፣ በታንከሩ ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት ባለው ኻዛንና ጣሪያ ላይ ባለው። ክዳኑ ከተሰበረ፣ ለዓመታት ካልታጠበ፣ ርግብና አይጥ ከገቡበት ያንን መጠጣት የለብሽም። ቤተሰቡ ጋሎን ውሃ የሚጠጣ ከሆነ አንቺም ከዚያው ጠጪ። እነሱ የማይጠጡትን አንቺ የምትጠጪበት ምክንያት የለም። ሌላ ካጣሽ አፍልተሽ አቀዝቅዢው። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ጨውን ወይም ኬሚካልን ግን አያወጣም።

የተጠራቀመ ውሃ ሌላም መዘዝ አለው። የደንጊ ትንኝ የምትራባው በቆሸሸ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ነው፤ በባልዲ፣ በአበባ ማስቀመጫ፣ በኤሲ ማንጠባጠቢያ፣ ክዳን በሌለው ታንከር። የደንጊ ቫይረስ ጅዳ ውስጥ የተገኘው በ1994 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጅዳንና መካን ለቆ አያውቅም። ትንኟ የምትነክሰው ቀን ነው፤ ቀን ቤት የሚውለው ማን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ድንገተኛ ከባድ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚያም ራስ ምታት፣ አጥንት የሚሰብር ሕመም ከመጣ ሐኪም ቤት እስክትደርሺ ድረስ ፓናዶል ብቻ ውሰጂ። አስፕሪንና ብሩፈን አትውሰጂ፤ ደም መፍሰስ ያመጣሉ። ውሃ ያጠራቀምሽበትን ዕቃ ሁሉ ክደኚ፣ በሳምንት አንዴ ፈትገሽ እጠቢ።

ስለ ታንከር አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሺ እንኳ ይህን ያዢልኝ። ምድር ቤት ያለውን ኻዛን ግቢና እጠቢ ብትባዪ አትግቢ። የተዘጋ የምድር ታንከር ውስጥ አየር የለም። ላይ ሆነሽ ስታዪው ባዶ ጉድጓድ ነው፤ ከገባሽ በኋላ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ራስሽን ልትስቺ ትችያለሽ። በረኪና ተጨምሮበት ከሆነ ደግሞ ጋዙ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል ደጅ ላይም መርዝ ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቢው። ይህ ሥራ መሣሪያና ማስክ ያላቸው ድርጅቶች የሚሠሩት ነው። ጓደኛሽ ገብታ ብትወድቅ ተከትለሽ አትግቢ፤ ሊያድን የገባው ሰው ነው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የሚሞተው። ጩኺ፣ 911 ደውዪ። «ፈርታ ነው» ቢሉሽ ይበሉሽ።

መብቱ የት ተጻፈ?

የቤት ሠራተኞች በሳውዲ አጠቃላይ የሠራተኛ ሕግ ውስጥ የሉበትም፤ የራሳቸው ደንብ ነው ያላቸው። በበጋ፣ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት የሚከለክለው ትእዛዝም የወጣው ለድርጅቶች ነው። ይሁን እንጂ በ2023 ታድሶ የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ ከ5 ሰዓት ተከታታይ ሥራ በኋላ ቢያንስ የግማሽ ሰዓት እረፍት እንዲኖር፣ በቀን 8 ሰዓት ያልተቋረጠ፣ በሳምንት ደግሞ 24 ሰዓት እረፍት እንዲሰጥ ያዛል። ምግብ፣ ተስማሚ መኖሪያና ሕክምና የአሠሪው ግዴታ ነው። «ውሃ» የሚል ቃል ፈልገሽ አትጨነቂ፤ ያለ ውሃ ምግብም መኖሪያም የለም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ዓለም አቀፉ አለ። ሐምሌ 2010 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውሃ የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ ወሰነ። 122 አገሮች ደገፉ፣ ማንም አልተቃወመም፣ 41 ድምፅ ተአቅቦ አደረጉ። ሳውዲ ከደገፉት ናት። ኢትዮጵያ ከተአቅቦዎቹ ነበረች፤ ይህን ሳነብ አላመንኩም ነበር፣ ግን እውነት ነው።

በተግባር ግን መብት የሚጀምረው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «አብጋ አሽረብ ሞያ»፦ ውሃ መጠጣት እፈልጋለሁ። «ዒንዲ ዶኻ»፦ ያዞረኛል። «ሐረቃን ፊል በውል»፦ ሽንቴን ያቃጥለኛል። በጠብ ሰዓት ሳይሆን ማዳም ስትረጋጋ፣ ቡና ላይ ተናገሪ። ሥራው ላይ አያይዢው፦ ከታመምኩ ልጆቹን ማን ይይዛል? ይህ ልመና አይደለም፣ ሒሳብ ነው። እምቢ ካሉ ቀኑንና የተባልሽውን መዝግቢ፤ ክፍልሽን፣ ታንከሩን ፎቶ አንሺ፣ የቤተሰቡን ፊት ግን አታንሺ፤ በዚህ አገር በአንቺው ላይ ክስ ይሆናል። የጤና ምክር በስልክ 937 ነው፤ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ያናግሩሻል። የአሠሪና ሠራተኛ አቤቱታ የሚቀበለው የሰው ሀብት ሚኒስቴር 19911 ነው። የኢትዮጵያ ቆንስላም ጅዳ ውስጥ አለ።

ኢቃማ የሌላችሁ፣ ከቤት ወጥታችሁ በየሰፈሩ አንድ ክፍል ስምንት ሆናችሁ የምትኖሩ እህቶች ነገራችሁ ሌላ ነው፤ አልዋሻችሁም። ስልክ መደወል መያዝን ሊያስከትል እንደሚችል ታውቃላችሁ። ለእናንተ የምላችሁ፦ የክፍሉን ኪራይ ስትዋዋሉ መጀመሪያ ታንከሩን እዩ፣ የዋይት ሒሳብ በማን እንደሆነ ተነጋገሩ፣ የመጠጥ ጋሎን በማኅበር ግዙ። ምድር ቤት ክፍል ደግሞ አትከራዩ፣ ርካሽ ቢሆንም። ኅዳር 2009 ጅዳ ላይ ዝናብ ሲጥል ከ100 በላይ ሰው በጎርፍ ሞቷል፤ ክፉኛ የተመታችው ቁወይዛ የምትባለው የድሆች ሰፈር ነበረች። ውሃ በሌለበት ከተማ በውሃ መሞት አለ። አንዷ ራሷን ከሳተች ግን ስለ ወረቀት የምታስቡበት ሰዓት አይደለም።

የላክሽው ብርና የአገር ቤቱ ውሃ

በዓለም ላይ 2.1 ቢሊዮን ሰው በቤቱ አስተማማኝ የመጠጥ ውሃ የለውም ይላሉ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2025 ባወጡት። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን በ2018 ቧንቧ ሊደርቅባት ሲል ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ተመድቦ ዓለም ሁሉ ጉድ አለ። በዚያችው ከተማ ድሃ ሰፈር ያሉ ሴቶች ግን ያኔም፣ ከዚያ በፊትም፣ በጋራ ቧንቧ ተሰልፈው ነበር የሚቀዱት። የእኛዋ አዲስ አበባም በፈረቃ ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት «ውሃ መጣ!» ተብሎ የሚነሣውን ያደገበት ያውቀዋል። ቦረና ላይ ከ2020 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲቀር ከብቱ አለቀ፣ ሰዉ ወደ መጠለያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስንት ልጃገረድ ወደ ደላላ እንደሄደች የቆጠረ አላየሁም፤ ግን ወዲህ የሚያመጣን መንገድ ከደረቀ ምንጭ እንደሚጀምር ብዙዎቻችን ከቤታችን እናውቀዋለን።

ስለዚህ ከደሞዝሽ ላይ «ለውሃ» ተብሎ ሲጠየቅሽ ደስ ብሎሽ ትልኪያለሽ። ላኪ፤ ግን ጠይቂ። የግል ጉድጓድ ለማስቆፈር ከሆነ ከመቆፈሩ በፊት የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ቦታውን አይቶታል ወይ? ውሃው ይመረመራል ወይ? በተለይ ቤተሰብሽ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሆነ፣ በዝዋይ፣ በመቂ፣ በአላባ በኩል፣ ከመሬት የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆቹን ጥርስ ያበልዛል፣ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንት ያጣምማል። ማፍላት አያወጣውም። ዓይን አያየውም፣ ምላስ አይለየውም፤ ላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጉድጓድ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ማሠራትና አንድ ሮቶ መግዛት በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ የክረምቱን ዝናብ ይይዛል። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያውን እንዲያጥብ ይልቀቁት፣ ሮቶውን ይክደኑት፣ መቅጃውን ከሥር በቧንቧ ያድርጉት እንጂ በጣሳ አይጥለቁበት። ገንዘቡን ስትልኪም ለማን እንደምትልኪ አስቢ። እኔ የምመክረው ውሃውን ለምትቀዳው ሰው ነው፦ ለእናትሽ ወይም ለታናሽ እህትሽ። ሮቶው መገዛቱን የምታውቂው ከፎቶ አይደለም፤ እህትሽ ጠዋት ስንት ሰዓት ትምህርት ቤት እንደምትደርስ ጠይቂያት።